ከቦሌ ናይሮቢ፣ ከቦሌ ሌጎስ፦ የበረራ ርቀትንና የጉዞ ሰዓትን ራሳችሁ የምታሰሉበት መንገድ

«ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። ናይሮቢን ስመልስ ሌጎስ ይከተላል፣ ከዚያ ጆሃንስበርግ፣ ከዚያ አክራ። ስለዚህ መልሱን አንድ በአንድ ከምሰጥ አሠራሩን ብጽፈው ይሻላል።

ጥያቄው አንድ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሦስት ነው። ርቀቱ ስንት ነው? ጉዞው ስንት ሰዓት ይወስዳል? ስደርስ እዚያ ስንት ሰዓት ይሆናል? ሦስቱን ለየብቻ፣ በቅደም ተከተል ከሠራችኋቸው ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ላይ ሲደባለቁ ነው ሰው ግራ የሚጋባው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ካልኩሌተር ያለው ስልክ። አብዛኞቹ ስልኮች ላይ ካልኩሌተሩን ከፍታችሁ ስልኩን ስታጋድሙት የሳይንና የኮሳይን ቁልፎች ይመጣሉ።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። በቃል አትያዙት፤ የመቀነስ ምልክት የሚጠፋው በቃል ሲያዝ ነው።
- የሁለቱ ኤርፖርቶች መገኛ፣ ማለትም ኬክሮስና ኬንትሮስ። ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ፣ ኬንትሮስ ደግሞ በግሪኒች ከሚያልፈው ዜሮ መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለው ዲግሪ ነው። ጉግል ማፕ ላይ ኤርፖርቱን ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት ሁለት ቁጥሮች ያወጣል። የመጀመሪያው ኬክሮስ፣ ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው።
- የሁለቱ አገሮች ሰዓት ከዩቲሲ፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ያለው ልዩነት።
- ቲኬት ካላችሁ ቲኬቱ።

ለዚህ ጽሑፍ የምንጠቀምባቸው መገኛዎች እነዚህ ናቸው፦

- ቦሌ፣ አዲስ አበባ፦ 8.98 ሰሜን፣ 38.80 ምሥራቅ
- ጆሞ ኬንያታ፣ ናይሮቢ፦ 1.32 ደቡብ፣ 36.93 ምሥራቅ
- ሙርታላ ሙሐመድ፣ ሌጎስ፦ 6.58 ሰሜን፣ 3.32 ምሥራቅ
- ኦ.አር. ታምቦ፣ ጆሃንስበርግ፦ 26.14 ደቡብ፣ 28.25 ምሥራቅ

ደረጃ 1፦ ኤርፖርቱን እንጂ ከተማውን አትያዙ

ናይሮቢ ከጆሞ ኬንያታ ሌላ ዊልሰን የሚባል ኤርፖርት አላት፤ ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚነሱት ከዚያ ነው። ጆሃንስበርግም ከኦ.አር. ታምቦ ሌላ ላንሴሪያ አላት። ካይሮ ከተማዋ ዳር ካለው ከዋናው ሌላ ከፒራሚዶቹ ወገን ስፊንክስ ኤርፖርት አለ። ቲኬታችሁ ላይ ያለውን የኤርፖርት ስምና ባለሦስት ፊደል መለያ አይታችሁ አረጋግጡ። በኪሎ ሜትር ስሌቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። የሚቀበላችሁ ሰው የተሳሳተ በር ላይ ቢቆም ግን ግማሽ ቀን ይበላል።

ደረጃ 2፦ ምልክቶቹን አስተካክሉ

ሰሜንና ምሥራቅ መደመር ናቸው። ደቡብና ምዕራብ መቀነስ ናቸው። አፍሪካ ላይ ይህ ደረጃ ከሌላው አህጉር ይበልጥ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም የምድር ወገብ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ቦሌ ከወገቡ በላይ ነው፣ ናይሮቢ ከወገቡ በታች። ስለዚህ ናይሮቢን ስትጽፉ −1.32 ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን መቀነስ ከረሳችሁ የቦሌ–ናይሮቢ ርቀት 877 ኪሎ ሜትር ሆኖ ይወጣላችኋል። ትክክለኛው ከዚህ በ290 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ወደ ምዕራብ ጫፍ ስትሄዱም ተጠንቀቁ። አክራ በ0.17 ዲግሪ ብቻ ከዜሮ መስመሩ ወደ ምዕራብ ስለምትወድቅ ኬንትሮሷ −0.17 ነው።

ደረጃ 3፦ አጭር ርቀት ከሆነ በቀላሉ መንገድ ሥሩ

ከ1,500 ኪሎ ሜትር በታች ለሆነ ጉዞ የሚከተለው ይበቃል። ናይሮቢን እንሥራ።

ሀ. የኬክሮስ ልዩነት፦ 8.98 − (−1.32) = 10.30። ሁለት መቀነስ ሲገናኙ መደመር ይሆናሉ።

ለ. የኬንትሮስ ልዩነት፦ 38.80 − 36.93 = 1.87።

ሐ. የኬንትሮሱን ልዩነት በመካከለኛው ኬክሮስ ኮሳይን አባዙት። መካከለኛው (8.98 − 1.32) ÷ 2 = 3.83 ነው። የ3.83 ኮሳይን 0.998 ነው። 1.87 × 0.998 = 1.866። ይህን የምናደርገው የኬንትሮስ መስመሮች ከምድር ወገብ እየራቁ ሲሄዱ ስለሚጠጋጉ ነው። ናይሮቢ ላይ ለውጡ ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ካይሮ ወይም ኬፕታውን ስትሠሩ ግን ብዙ ነው።

መ. ሁለቱን በራሳቸው አባዝታችሁ ደምሩ፦ 106.09 + 3.48 = 109.57። ካሬ ሥሩን አውጡ፦ 10.47።

ሠ. በ111.2 አባዙት፦ 1,164 ኪሎ ሜትር።

111.2 ከየት መጣ? የምድር ዙሪያ 40,030 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለ360 ዲግሪ ስታካፍሉት አንድ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

አንዳንድ ቦታ ለዚሁ መስመር 1,158 ተብሎ ታገኙ ይሆናል። የእናንተ ስሌት ስህተት ሆኖ አይደለም። ምድር ድፍን ክብ አይደለችም፣ ከላይና ከታች ትንሽ ጠፍጠፍ ያለች ናት። በምድር ወገብ አካባቢ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 110.6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ልዩነቱ በጊዜ ሲታሰብ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፤ አትጨነቁበት።

ደረጃ 4፦ ረጅም ከሆነ የክብ ሒሳብ ተጠቀሙ

አዲስ አበባና ሌጎስ በ35 ዲግሪ ኬንትሮስ ይራራቃሉ። በዚህ ርቀት የምድር ክብነት ራሱ መግባት አለበት። ቀመሩ በቃል ሲነገር እንዲህ ነው፦ የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን አባዙ። የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይን አባዙና ውጤቱን በኬንትሮስ ልዩነቱ ኮሳይን እንደገና አባዙት። ሁለቱን ውጤቶች ደምሩ። የድምሩን የኮሳይን ግልባጭ አውጡ፤ ካልኩሌተሩ ላይ ኮስ ከሚለው ጎን ትንሽ −1 ከላይ የተጻፈበት ቁልፍ ነው። በ111.2 አባዙት።

ለሌጎስ፦

- ሳይን 8.98 × ሳይን 6.58 = 0.1561 × 0.1146 = 0.0179
- ኮሳይን 8.98 × ኮሳይን 6.58 × ኮሳይን 35.48 = 0.9877 × 0.9934 × 0.8143 = 0.7990
- ድምር 0.8169
- የኮሳይን ግልባጩ 35.22 ዲግሪ
- 35.22 × 111.2 = 3,916 ኪሎ ሜትር

ማስጠንቀቂያ፦ ካልኩሌተራችሁ በዲግሪ እንጂ በራዲያን (ሌላው የማዕዘን መለኪያ) አለመሆኑን መጀመሪያ አረጋግጡ። መሞከሪያው ቀላል ነው። የ60ን ኮሳይን ጠይቁት። 0.5 ካለ ዲግሪ ላይ ነው። ሌላ ቁጥር ካወጣ ራዲያን ላይ ስለሆነ ቀይሩት። ይህን ሳያዩ የገቡበት ስሌት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይበላሻል።

ለልምምድ ጆሃንስበርግን ሞክሩት። የደቡብ ኬክሮስ ስለሆነ የመጀመሪያው ብዜት መቀነስ ሆኖ ይወጣል፤ እንደዚያ መሆኑ ትክክል ነው። መልሱ 4,068 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከሆነላችሁ ሠርታችሁታል።

ደረጃ 5፦ በካርታ አመሳክሩ

ጉግል ማፕ ላይ ቦሌን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ ከሚመጡት ምርጫዎች ርቀት መለኪያውን ንኩ፣ ከዚያ ካርታውን እየገፋችሁ ናይሮቢ አድርሱት። ከስሌታችሁ ጋር በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከተቀራረበ ጥሩ ነው። በመቶዎች ከተራራቀ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ፤ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ምልክት ነው።

«አቅጣጫ» የሚለውን ግን አትጫኑ። እሱ የሚሰጣችሁ የመኪና መንገድ ነው። በመኪና ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሞያሌ ናይሮቢም ያንኑ ያህል አለ። ሁለቱ ሲደመሩ ከአየሩ ርቀት በአንድ ሦስተኛ ያህል ይበልጣሉ።

የሚታየው ቁጥር በኖቲካል ማይል ከሆነ በ1.852 አባዙት። በተራ ማይል ከሆነ በ1.609።

ደረጃ 6፦ ከመስመሩ ወደ እውነተኛው መንገድ

አውሮፕላን ቀጥ ባለው መስመር ላይ ብቻ አይሄድም። የተወሰኑ የአየር መንገዶችን ይከተላል፣ ለመነሳትና ለማረፍ እንደ ነፋሱ አቅጣጫ ይዞራል፣ ከባድ ደመና ሲያይ ይሸሻል። ለዚህ ከመቶ 3 ጨምሩ። የናይሮቢው 1,164 × 1.03 = 1,199 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የሌጎሱ 3,916 × 1.03 = 4,033።

ከመቶ 3 የማይበቃበት ጊዜ አለ። የአየር ክልል ሲዘጋ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲጀመር የአገሪቱ ሰማይ ለሲቪል በረራ ተዘጋ። ከአዲስ አበባ ወደ ካይሮ ቀጥታው መስመር የሚያልፈው በሱዳን ላይ ስለሆነ አውሮፕላኖች ዞረው ለመሄድ ተገደዱ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለት ነጥብ ብቻ ይዛችሁ አትሥሩ። አውሮፕላኑ የሚዞርበትን ቦታ ሦስተኛ ነጥብ አድርጋችሁ ሁለቱን ቁራጮች ለየብቻ አስሉና ደምሩ። የበረራ መከታተያ መተግበሪያዎች ላይ የትናንቱን መንገድ ካያችሁ ነጥቡ የት እንደሆነ ትለያላችሁ።

ደረጃ 7፦ ርቀቱን ወደ ሰዓት ቀይሩ

ጄት አውሮፕላን ከፍታው ላይ ከደረሰ በኋላ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ ርቀቱን ለ850 አካፍሉና 40 ደቂቃ ጨምሩ።

40 ደቂቃው ለምን? አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ተነስቶ ወደ ማኮብኮቢያው ይሄዳል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ሲደርስም ፍጥነቱን ቀንሶ ይወርዳል፣ ካረፈ በኋላ ወደ መቆሚያው ይጓዛል። ቲኬት ላይ የሚጻፉት ሰዓቶች ከመቆሚያ የሚነሳበትና መቆሚያ የሚደርስበት ናቸው፤ መሬት የሚለቅበትና የሚነካበት አይደሉም። ካፒቴኑ በማይክ የሚነግራችሁ ጊዜ ከቲኬቱ የሚያንሰውም ለዚህ ነው። እሱ የሚቆጥረው አየር ላይ ያለውን ብቻ ነው።

ናይሮቢ፦ 1,199 ÷ 850 = 1.41 ሰዓት። እዚህ ጋ ቆም በሉ። 1.41 ማለት 1 ሰዓት ከ41 ደቂቃ አይደለም። ከነጥቡ በኋላ ያለውን በ60 አባዙት፦ 0.41 × 60 = 25 ደቂቃ። ስለዚህ 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ። 40 ስትጨምሩ 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ። የአየር መንገዶች የሚያወጡት ሰዓትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሌጎስ፦ 4,033 ÷ 850 = 4.74 ሰዓት፣ ማለትም 4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል። ከ40ው ጋር 5 ሰዓት ከ25 ደቂቃ። ጆሃንስበርግ በዚሁ መንገድ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይመጣል።

አውሮፕላኑ ዳሽ 8 ከሆነ፣ ያ ባለ ፕሮፔለሩ ማለቴ ነው፣ በ850 አታካፍሉ። በ600 አካፍሉና 25 ደቂቃ ጨምሩ። ከቦሌ ባሕር ዳር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ስሌት አንድ ሰዓት ያህል ይወጣል።

ስለ ነፋስ አጭር ነገር ልጨምር። በምድር ወገብ አካባቢ ሰሜን–ደቡብ ስትበሩ ነፋስ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ሰሜን አፍሪካ ላይ ግን፣ በተለይ በፈረንጆቹ ክረምት፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የከፍታ ነፋስ አለ። ስለዚህ ከካዛብላንካ ወደ ካይሮ መሄድ ከመመለሱ ያጥራል።

ደረጃ 8፦ የደረሳችሁበትን ሰዓት በቦታው ሰዓት አውጡ

ኢትዮጵያና ኬንያ ዩቲሲ +3 ናቸው። ደቡብ አፍሪካ +2፣ ናይጄሪያ +1፣ ጋና 0። ናይሮቢ ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነች ምንም አትነኩም። ሌጎስ በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

ምሳሌ፦ ከቦሌ በ08፡30 ተነሳችሁ እንበል። 5፡25 ስትጨምሩ 13፡55 ነው። ይህ የአዲስ አበባ ሰዓት ነው። 2 ሰዓት ቀንሱ፤ ሌጎስ ላይ 11፡55 ይላል። በመመለሻው ከሌጎስ በ13፡30 ብትነሱ፣ 5፡25 ሲጨመር 18፡55 ይሆናል። ይህ የሌጎስ ሰዓት ነው። 2 ጨምሩ፤ ቦሌ ላይ 20፡55።

አሁን ቲኬቱን ብቻ የሚያይ ሰው ምን እንደሚያስብ ተመልከቱ። ሲሄድ ከ08፡30 እስከ 11፡55፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ሲመለስ ከ13፡30 እስከ 20፡55፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ። «መመለሻው ለምን እጥፍ ሆነ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው። እጥፍ አልሆነም፤ ሁለቱም ተመሳሳይ ናቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች ዓመቱን ሙሉ ሰዓታቸውን አይቀይሩም። ግብፅ ግን ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች። በእነዚያ ወራት ካይሮና አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ናቸው፤ በቀሩት ወራት ካይሮ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ሞሮኮ ደግሞ ዓመቱን +1 ሆና በረመዳን ወር ወደ 0 ትመለሳለች።

ደረጃ 9፦ ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱ ተጠንቀቁ

ብዙ ሰው በረራ የሚያመልጠው እዚህ ጋ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ቲኬት ላይ ያለው ሁልጊዜ የቦታው ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲኬትም ቢሆን። 6 ቀንሱ። 08፡30 ከጠዋቱ 2፡30 ነው። 20፡55 ላይ 6 ስትቀንሱ 14፡55 ይሆናል፤ ከ12 ስለበለጠ እንደገና 12 ቀንሱ፤ ከምሽቱ 2፡55። ቁጥሩ ከ6 ካነሰ ደግሞ 6 ጨምሩ፦ 00፡45 ከሌሊቱ 6፡45 ነው።

ከሰዓቱ ይበልጥ አደገኛው ቀኑ ነው። ቲኬት ላይ ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። «ማክሰኞ 00፡45» ካለ፣ እኛ ሰኞ ሌሊት ለማክሰኞ አጥቢያ የምንለው ነው። ኤርፖርት መገኘት ያለባችሁ ሰኞ ማታ 3፡45 አካባቢ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዛችሁ ብትሄዱ አውሮፕላኑ ከሄደ ሃያ አራት ሰዓት ሊሆነው ነው። ስለዚህ ከ00፡00 እስከ 05፡59 የሚል ቲኬት ሲደርሳችሁ «ሻንጣ ይዤ ከቤት የምወጣው ሰኞ ነው» ብላችሁ የመውጫውን ቀን በወረቀት ጻፉ፤ ለሚያደርሳችሁም ሰው ያንኑ ንገሩት።

ወሩም የፈረንጅ ነው። 12 ጁን ማለት ሰኔ 5 እንጂ ሰኔ 12 አይደለም።

ናይሮቢ ለምትሄዱ፦ በስዋሂሊ ሰዓት የሚነግራችሁ ሰው ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። «ሳ ምቢሊ» ጠዋት ላይ ከተባለ የእኛው 2 ሰዓት ነው። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲነግራችሁ ግን 8 ይላል። ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው እንደነገራችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 10፦ ከደጅ እስከ ደጅ

የ2 ሰዓት በረራ የ2 ሰዓት ጉዞ አይደለም። ለናይሮቢ እንዲህ ደምሩ፦ ከቤት እስከ ቦሌ እንደ ሰፈራችሁና እንደ ትራፊኩ 1 ሰዓት፣ ከበረራው በፊት 3 ሰዓት፣ በረራው 2 ሰዓት ከ5፣ ኢሚግሬሽንና ሻንጣ 1 ሰዓት፣ ከጆሞ ኬንያታ ወደ ከተማ 1 ሰዓት። ስምንት ሰዓት ሞላ። ጠዋት ተነስቶ ናይሮቢ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ለመግባት የሚያስብ ሰው መያዝ ያለበት ይህን ቁጥር ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ከፓስፖርቱ ጋር ያዙት። ስትደርሱ ሊጠየቅ ይችላል፤ ሻንጣ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ሰልፉ ላይ ትቆማላችሁ።

ትራንዚት ካለበት እያንዳንዱን በረራ ለየብቻ ሠርታችሁ መሃል ያለውን ቆይታ ጨምሩ። ከናይሮቢ ሌጎስ ቀጥታው 3,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ 1,164 + 3,916 = 5,080። በሰዓት ደግሞ 2፡05 + 5፡25 = 7፡30፣ ቦሌ ላይ 2 ሰዓት ከጠበቃችሁ 9፡30። የትራንዚቱን ቆይታ ስታሰሉ መድረሻውም መነሻውም በአንድ ከተማ ሰዓት የተጻፉ ስለሆኑ በቀጥታ መቀነስ ትችላላችሁ፤ የሰዓት ልዩነት እዚያ አታስገቡ።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

- የመድረሻውን ሰዓት ከመነሻው ቀንሶ «የበረራው ርዝመት ይህ ነው» ማለት። መጀመሪያ ሁለቱን ወደ አንድ ከተማ ሰዓት አምጧቸው።
- የሰዓት ልዩነቱን ሁለት ጊዜ መቀነስ። ቲኬቱ ላይ ያለው መድረሻ አስቀድሞ በቦታው ሰዓት ነው፤ እንደገና አትንኩት።
- ከመድረሻው ሰዓት ጎን ያለችውን ትንሿን +1 አለማየት። በማግስቱ ትደርሳላችሁ ማለት ነው።
- ኬክሮስና ኬንትሮስን ማቀያየር። ለኢትዮጵያ ኬንትሮሱ ሁልጊዜ ትልቁ ቁጥር ነው፤ ለምዕራብ አፍሪካ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ሌጎስን ተመልከቱ።
- የራስን ስሌት ከቲኬቱ በላይ ማመን። ስሌቱ ለማቀድና የማይመስል ነገር ለመለየት ነው። ሁለቱ በ20 ደቂቃ ቢለያዩ ቲኬቱን ያዙ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ከተለያዩ ግን መሃል ላይ የማታውቁት ማረፊያ ሊኖር ስለሚችል ቲኬቱን ለሸጠላችሁ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።